«የሌባ ፕሮግራም» የተባለው ቶረንት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ። በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ አይሲቲ መምህር ነኝ። የኮምፒውተር ክፍላችን ኢንተርኔት የለውም። ልጆቹ ዊኪፔዲያን ያለ ኔት እንዲያነቡ ብዬ የኪዊክስን (ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም ነው) ትልቁን ፋይል በራሴ ላፕቶፕ በቶረንት ማውረድ ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን ላፕቶፑ ተንቀራፈፈ፣ የቤቱም ዋይፋይ ለማንም አልሠራ አለ። ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ቶረንት መጫኑን ሲያይ ‹ይሄ የሌባ ፕሮግራም ነው፣ ቫይረሱንም ያመጣው እሱ ነው፣ ካላጠፋኸው አልነካውም› አለኝ። ሰው ፊት አፈርኩ። እውነት ሕገ ወጥ ነገር ሠርቻለሁ? ካልሠራሁስ ቶረንት ሲባል ለምንድን ነው ባለሙያው ሁሉ ፊቱን የሚያጠቁረው?»

ወንድሜ፣ ሕገ ወጥ ነገር አልሠራህም። መጀመሪያ ይሄን ልበልህና እፎይ በል። የዊኪፔዲያ ጽሑፍ ማንም እንዲገለብጠውና እንዲያድለው ተፈቅዶ የወጣ ነው። ምንጩን ትጠቅሳለህ፣ ለውጠህ ካወጣኸው ደግሞ በዚያው ፈቃድ ታወጣዋለህ፣ በቃ። ኪዊክስም ፋይሎቹን ራሱ በቶረንት፣ ማለትም ፋይልን ከብዙ ሰው ኮምፒውተር በቁርጥራጭ በማውረጃው ዘዴ፣ ያቀርባል። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ «በዚህ ግቡ» ባለው ቤት ነው የገባኸው።

ያ ልጅ ግን ዝም ብሎ ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። እኔም እንደሱ ነበርኩ።

ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል እሠራ ነበር። አንድ አዲስ ተቀጣሪ «ኮምፒውተሬ ዘገየ» ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ። ከታች በስተቀኝ፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣ ትንሿን የቶረንት ምልክት አየሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላየሁም። ምን እያወረደ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩትም። ፕሮግራሙንም ያወረደውንም ጠራርጌ አጠፋሁና «ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ብዬው ወጣሁ። በኋላ ቡና ስንጠጣ ነው የነገረኝ። ዴቢያን ሊነክስን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃ ሲስተም፣ ነበር የሚያወርደው፣ ለዚያውም ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ሌላው ሰው ኔት በማይጠቀምበት ጊዜ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። 88 በመቶ ደርሶለት ነበር። አልተቆጣም። «ፊልም መስሎህ ነው አይደል?» ብቻ አለኝ። ያቺ 88 እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

እንደዚያ ያደረገኝ ምንድን ነው? ልማድ ነው፣ ልማዱም ታሪክ አለው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የፋይል መጋራትን ስም ያጠፉት የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞች ናቸው። ናፕስተር በ1999 መጣ። ሰው ሙዚቃውን በቀጥታ ከሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ መጎተት ጀመረ፣ የሙዚቃ ኩባንያዎቹ ከሰሱት፣ በ2001 ተዘጋ። ከዚያ ካዛና ላይምዋየር መጡ። እነዚህ ፕሮግራሞች የራሳቸው መፈለጊያ ነበራቸው። የዘፋኝ ስም ትጽፋለህ፣ ያ ስም የተለጠፈበት ፋይል ከማታውቀው ሰው ኮምፒውተር ይመጣልሃል። ላዩ ዘፈን፣ ውስጡ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ማን እንዳስቀመጠው ማወቂያ የለህም። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ሰው ሲጭነው ሳያስተውል የግል ሰነዶቹን ማኅደር በሙሉ ለዓለም ክፍት አድርጎ ያድር ነበር፣ የባንክ ወረቀቱንም የሠርግ ፎቶውንም። ካዛ ደግሞ ማስታወቂያ የሚረጩ ፕሮግራሞችን አዝሎ ነበር የሚገባው። ላይምዋየርን የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2010 አስቆመው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ቀኑን ሙሉ ቫይረስ ሲያጸዳ የሚውል ባለሙያ ምን ይማራል? «መጀመሪያ የፋይል ማጋሪያውን አጥፋ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» ማለትን ይማራል። እውነቱንም ነበር። ዛሬ አጽድተህለት ነገ ያንኑ ይዞ ይመጣል፣ በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። በነፃ የሚረዱ የቫይረስ አጽጂዎችም ይህንኑ ደንብ አድርገው ያዙት። ችግሩ ነገሩ ተለውጦ ደንቡ አለመለወጡ ነው። የእኛ አገር ቴክኒሻን ደንቡን ከቀደመው ወረሰ፣ ምክንያቱን ግን አልወረሰም።

ቢትቶረንት፣ ሰው በአጭሩ ቶረንት የሚለው፣ ሌላ ነገር ነው። ብራም ኮኸን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ2001 ያወጣው የማጓጓዣ ዘዴ ነው እንጂ የዘፈን ሱቅ አይደለም። ሲፈጠር በውስጡ መፈለጊያ እንኳ አልነበረውም። የቶረንት ፋይሉን ከሆነ ቦታ አንተው ፈልገህ ታመጣለህ፣ እሱ ያንን ብቻ ያወርድልሃል።

አሠራሩን ሰው ሲያስረዳ «እንደ ደቦ ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ደቦ ላይ ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ደፍቶ ጎረቤቱን ይጠራል፣ የመጣው ሠርቶ፣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ወንፈል ግን ሒሳብ አለው። ዛሬ የአንተን አጨድን፣ ነገ የእኔን። ያልመጣ ሰው ማሳው ላይ ብቻውን ይጎብጣል። ቶረንት ወንፈል ነው። ፋይሉ በሺዎች በሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ይከፈላል። አንተ ሰባተኛውን ይዘሃል፣ አንዱ አርባኛውን ይዟል፣ ትለዋወጣላችሁ። ፕሮግራሙ ለሚሰጠው ሰው ያደላል፣ ለሚቀበል ብቻ ግን እጁን ሰብሰብ ያደርጋል። ደግሞ ብልህ ነው፣ በመንደሩ ውስጥ ጥቂት ሰው ብቻ የያዘውን ቁርጥራጭ አስቀድሞ ይሰበስባል፣ ባለቤቶቹ ድንገት ቢጠፉ ፋይሉ ጎዶሎ ሆኖ እንዳይቀር።

ጥቅሙን አንተ ራስህ አይተኸዋል። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። ይህን የሚያክል ነገር በብሮውዘር አውርድ ብትባል፣ መብራት ሁለቴ ሲጠፋ ከሀ ልትጀምር ትችላለህ። 95 በመቶ ላይ የተቋረጠበት ሰው ያውቀዋል፣ ያስለቅሳል። ቶረንት ግን መብራት ሲመጣ ያለውን ቁርጥራጭ ቆጥሮ የጎደለውን ብቻ ይጠይቃል። ኪዊክስን ለሚያዘጋጁትም እፎይታ ነው፣ የሚሠራው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ ለእያንዳንዱ አውራጅ 100 ጊጋ ከራሱ ሰርቨር መክፈል አይጠበቅበትም። ኡቡንቱና ዴቢያን የሚባሉት የሊነክስ ዓይነቶችም፣ ነፃው የቢሮ ፕሮግራም ሊብረኦፊስም በቶረንት የሚሰጡት ለዚሁ ነው። የኢንተርኔቱ ትልቅ ቤተ መዛግብት ኢንተርኔት አርካይቭ ከ2012 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስብስቦቹን በቶረንት ከፍቷል።

የሚያስቀኝን ልንገርህ። ያ ልጅ ቀኑን ሙሉ ፎርማት እያደረገ የሚጭነው ዊንዶውስ ራሱ፣ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ፣ አፕዴት ከሌላ ሰው ኮምፒውተር ሊቀበልና ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ያው የወንፈሉ ሐሳብ ነው። ማንም ግን «ዊንዶውስህን አጥፋ» አይልም። ሌላም አለ። «የሌባ ነው» የሚል ቃል ከአንዳንድ የጥገና ሱቅ ሲወጣ ቀና ብለህ መስታወቱን እይ፣ «ፊልም እንጭናለን» የሚል ተለጥፎበታል። ውስጥ ያለው ኦፊስም ክራክ ነው፣ ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ። ያንተን ጠጋኝ አላውቀውም፣ በእሱ ላይ አልፈርድም። ግን አገራችን ውስጥ አብዛኛው የተሰረቀ ፊልም የሚሄደው በቶረንት ሳይሆን በፍላሽና በቴሌግራም ነው ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ፍላሽን የሌባ ዕቃ ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ወደ ቫይረሱ ልምጣ፣ ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ቁርጥራጭ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ አለው፣ ሃሽ ይሉታል። የደረሰህ ቁርጥራጭ አሻራው ካልገጠመ ፕሮግራሙ ይጥለውና ከሌላ ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ መንገድ ላይ ያለ ሰው ቫይረስ ሊጨምርበት አይችልም። ይህ የወረቀት ላይ ነገር እንዳይመስልህ። የካቲት 2016 ላይ ሌላው የሊነክስ ዓይነት፣ የሊነክስ ሚንት፣ ድረ ገጹ ተጠለፈ። ሌቦቹ የማውረጃውን ሊንክ ለወጡና ለሌባ የጓሮ በር የሚከፍት ፕሮግራም የተደበቀበት ሚንት ቡልጋሪያ ካለ ሰርቨር እንዲወርድ አደረጉ። የዚያን ቀን ከገጹ ሊንክ ተጭኖ ያወረደ ሰው ተበላ። በቶረንት ያወረደ ሰው ምንም አልነካውም፣ አዘጋጆቹም ይህንኑ አስታወቁ። «ቫይረስ ያመጣል» የሚባለው መንገድ የዚያን ቀን ደህናው መንገድ ነበር።

ይህ ማለት ግን ቶረንት ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አሻራው የሚያረጋግጠው ቶረንቱን የሠራው ሰው ያስቀመጠው ነገር ሳይጓደል መድረሱን ብቻ ነው። ሰውየው መርዝ ካስቀመጠ መርዙ ሳይጓደል ይደርስሃል። ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ ከማይታወቅ ገጽ ያወረደ ሰው ቫይረስ ይዞ ቢመጣ ጥፋቱ የቶረንት አይደለም፣ የምንጩ ነው። ሕጌ አንድ ናት፦ የቶረንት ፋይሉን ከባለቤቱ ገጽ ላይ እወስዳለሁ፣ ከሌላ ከየትም አልወስድም።

ፕሮግራሙ ራሱም ይለያያል። ዩቶረንትን ከሆነ የጫንከው፣ ጠጋኙ ግማሽ እውነት አለው። በማስታወቂያ የተሞላ ነው፣ በ2015 ደግሞ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ጉልበት ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) የሚያመርት ኤፒክ ስኬል የሚባል ፕሮግራም አብሮት ሲጫን ተገኝቶ ተጠቃሚው ጮኸ። ኩባንያው ያለ ፈቃድ አልጫንኩም ብሎ ተከራከረ፣ በኋላ ግን አወጣው። ኪውቢትቶረንትን ጫን። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ማስታወቂያ የለውም።

ሕጉን በአጭሩ። አሜሪካ ውስጥ በ1984 ስለ ቪዲዮ መቅረጫ ዴክ ትልቅ ክርክር ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ዕቃ በቂ የሆነ ሕጋዊ ጥቅም እስካለው ድረስ አምራቹ ሌላው ሰው ለሠራበት ጥፋት አይጠየቅም አለ፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ፣ አምስት ለአራት። በ2005 ደግሞ ግሮክስተር በሚባል የፋይል ማጋሪያ ኩባንያ ጉዳይ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ሌላ ነገር ጨመሩ፦ ሰውን «ኑ በዚህ ስረቁ» ብሎ ገፋፍቶ የሚያከፋፍል ኩባንያ ግን ይጠየቃል። እንዳየኸው ሁለቱም ጋ የተመዘነው ሥራው ነው፣ የቴክኖሎጂው ስም አይደለም። የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ የሚጠብቀው የደራሲውን፣ የሙዚቀኛውን፣ የፕሮግራም ሠሪውን መብት ነው። ያለ ፈቃድ የአንድን ዘፋኝ አልበም ብታባዛ በቶረንትም በካሴትም ያው ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፣ ሙዚቀኞቻችን በዚህ ነገር ብዙ ተጎድተዋል።

ውጭ ላሉ አንባቢዎቼ አንድ ነገር፣ በተለይ ጀርመን ላላችሁ። በቶረንት ስትጋሩ የአይፒ አድራሻችሁ፣ ማለትም የኢንተርኔት መስመራችሁ መለያ ቁጥር፣ አብሯችሁ ለሚጋራ ሁሉ ይታያል። እዚያ ያሉ የጠበቃ ቢሮዎች ፊልም የሚጋሩትን አድራሻ እየመዘገቡ ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ቤት ድረስ ይልካሉ። የተከራይ ወይም የእንግዳ ጥፋት ለኢንተርኔቱ ባለቤት ሲመጣ አይቻለሁ። ለኡቡንቱ ማንም ደብዳቤ አይልክባችሁም።

ባለሙያ ነገሩን ሳይለይ ሲያግድ ምን እንደሚመጣ ለማየት የኮምካስትን ታሪክ አንብብ። ትልቅ የአሜሪካ ኢንተርኔት አቅራቢ ነው። በ2007 ሮብ ቶፖልስኪ የሚባል የኔትወርክ ባለሙያ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ፣ የቅጂ መብታቸው ያለፈ፣ አራት ሰዎች ያለ መሣሪያ የሚዘፍኗቸውን ዜማዎች ለማጋራት ሲሞክር አልሄድ አለው። እንደ ጥሩ ጠጋኝ ኬብሉን፣ ራውተሩን፣ ፕሮግራሙን አንድ በአንድ አየ። ሁሉም ደህና ነው። በመጨረሻ በመስመሩ የሚያልፉትን የመረጃ ጥቅሎች (ፓኬቶቹን) ከፍቶ ሲያይ ኮምካስት መሃል ገብቶ፣ ሌላኛውን ሰው መስሎ «ግንኙነቱን ዝጋ» የሚል መልእክት እየላከ ነበር። ሁለት ሰው ስልክ ሲያወራ ሦስተኛው የአንዱን ድምፅ አስመስሎ «በቃ ቻው» ብሎ እንደ መዝጋት ነው። ከዚያ አሶሺየትድ ፕሬስ የዜና ወኪል በራሱ ሞከረው። ለሙከራ የመረጠው ፋይል ምን ይመስልሃል? መጽሐፍ ቅዱስ፣ የኪንግ ጄምስ ትርጉም። እሱም ታገደ። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በነሐሴ 2008 ኩባንያው ያንን እንዲያቆም አዘዘ፣ በ2010 ደግሞ ፍርድ ቤት «ኮሚሽኑ ይህን ለማዘዝ ሥልጣን የለውም» ብሎ ትዕዛዙን ሻረው። ሥልጣኑ የማንም ይሁን የማን፣ መጽሐፍ ቅዱስ በስርቆት ተጠርጥሮ የታገደበትን ቀን ግን አልረሳም። የዴቢያኑ ልጅ ትዝ የሚለኝም ይሄን ታሪክ ሳስብ ነው።

አሁን ላፕቶፕህ። ቫይረስ ሊኖርበት ይችላል፣ አላየሁትም። የነገርከኝ ምልክት ግን ቫይረስ አይመስልም። ሁለት ነገር ጠርጥሬያለሁ።

አንደኛ፣ አፕሎዱ። ቶረንት ሳይገደብ ከተተወ ያለህን የመላኪያ መስመር በሙሉ ይይዘዋል። የመላኪያው መስመር ሲሞላ ደግሞ መቀበያውም ይሞታል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተርህ «ደርሶኛል፣ ቀጥል» የምትለዋን ትንሽ መልእክት እንኳ መላክ ያቅተዋል። ለዚህ ነው የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ፌስቡክ አልከፍት ያለው። በኪውቢትቶረንት ማስተካከያ ውስጥ ስፒድ የሚል ክፍል አለ፣ አፕሎዱን ካለህ የመላኪያ ፍጥነት ግማሽ ላይ ገድበው። ዜሮ አታድርገው፣ እዚያ ፕሮግራም ውስጥ ዜሮ ማለት «ገደብ የለውም» ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ይወድቃል። የግንኙነቱንም ብዛት ወደ መቶ አውርደው፣ ርካሽ ራውተር ከዚያ በላይ ሲሆን ይንቀጠቀጣል። በሞባይል ፓኬጅ የምታወርድ ከሆነ ደግሞ የምትልከውም ከፓኬጁ እንደሚቆረጥ አትርሳ። ማውረዱ ካለቀ በኋላ ሲድ እያደረገ፣ ማለትም ለሌሎች እየላከ፣ አድሮ ወርሃዊው በጠዋት የተበላበት ሰው አውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ሃርድ ዲስኩ። 100 ጊጋ ስታወርድ ስንት ባዶ ቦታ ነበረህ? ዊንዶውስ ያለበት ድራይቭ ጢም ብሎ ከሞላ ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል። የድሮው የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነ ደግሞ በየደቂቃው ቁርጥራጭ እየጻፈ፣ እየመረመረ ሌላውን ሥራ ያስጠብቃል። ማውረጃውን ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ አዙረው። ወይ ደግሞ ሥዕል የሌለውን ኪዊክስ ውሰድ፣ በጣም ያንሳል። የአማርኛውን ዊኪፔዲያም ጨምርላቸው፣ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ እፍኝ ናት።

ጠጋኙ ጋ ስትመለስ አትሟገተው። ሰው ፊት የተሟገተ ጠጋኝ ላፕቶፕ አይጠግንም። የኪዊክስን ገጽ ከፍተህ «ይኸው፣ ባለቤቱ ራሱ የሰጠው ፋይል ነው፣ ለተማሪዎች ነው፣ አንተ ዲስኩንና ቫይረሱን ብቻ እይልኝ» በለው። አብዛኛው ቴክኒሻን የሚፈራው አንድም ነገ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» እንዳይባል ነው፣ አንድም በተሰረቀ ነገር እጁ እንዳይገባ። ምን እንደሆነ ካየ ይለዝባል። ካልለዘበ ከተማው ውስጥ ሌላ ጠጋኝ አይጠፋም። የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኔት ላይ ከሆነ የምታወርደው ግን ያ ሌላ ነው፣ ንብረቱ የእነሱ ነውና ኃላፊውን አስፈቅድ፣ ማታ አድርገው።

ፋይሉ ሲያልቅ በየኮምፒውተሩ እየገለበጥክ አትድከም። ኪዊክስ አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር ማድረግ ይችላል፣ የክፍሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች በኬብል ወይም በዋይፋይ ከእሱ በብሮውዘር ያነባሉ፣ ኢንተርኔት ሳይኖር። ወደ ትምህርት ቤት በፍላሽ የምትወስደው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ፍላሹን ኤክስፋት (exFAT) በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት አድርገው። በድሮው አደረጃጀት፣ በፋት 32 (FAT32)፣ ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይልሃል፣ ያኔ ደግሞ ያ ልጅ «ቶረንት ነው ያበላሸው» ማለቱ አይቀርም።